ከዱላው ያነሱት

በ2005 ዓ.ም. በነሐሴ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ከካምፓላ ውጭ ባለው በዚያ ደን ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፦ አባቴ ሀብተማርያም፣ የአባቴ ጓደኛ ሶሬሳ፣ በሦስተኛው ቀን የመጡት ዶክተር ናሙቢሩ፣ እና የዘጠኝ ዓመቱ እኔ፣ ዮፍታሔ። እናቴ ለተጊዮርጊስ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን እስከ ዛሬ ለእንግዳ የምታወራው እሷ ስለሆነች ነው። በእሷ አወራር እኔ ለእውነት የቆምኩ ልጅ ነኝ። ካንሳንጋ ሰፈር ቤታችን መጥቶ ሻይ የቀመሰ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ወሬው ሲጀመር እኔ ብርጭቆ የማነሳ መስዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። «አየሽው፣ ሲመሰገን አይወድም» ይላሉ። የምገባው ግን ፊቴ ስለሚቀላ ነው።

አባቴ አገር ቤት የደን ሠራተኛ ነበር። ቦንጋ አካባቢ ዛፍ ሲለካና ችግኝ ሲቆጥር አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ካምፓላ ከገባን በኋላ ግን አራት ዓመት ሙሉ ፖርት ቤል ላይ ከጀልባ ጭነት ያወርድ ነበር። ማታ ሲገባ ሸሚዙ የደረቀ ዓሣ ይሸታል። ብዙ አያወራም። እኔም ዝም ማለት የአባቶች ሁሉ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እራት ላይ አወራ። አብሮት ጭነት የሚያወርደው ሶሬሳ፣ ችግኝ መቁጠር የሚችል ሰው የሚፈልጉ ተመራማሪ መኖራቸውን ሰምቶ ነግሮት ነበር።

«ሦስት ቀን ሙከራ ነው» አላት እናቴን። «እኔ እቆጥራለሁ። በቆጠርኩት በእያንዳንዱ ላይ ክር አስራለሁ። ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ መጥታ ክሩን ራሷ ትቆጥራለች። ክሩና ደብተሩ እኩል ከመጡ ሥራው የእኔ ነው።»

«እኩል ካልመጡስ?»

«ፖርት ቤል።»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ክር ከየት ታመጣለህ?»

«ፕላስቲክ ነበራቸው፤ ጦጣ እየበጠሰ አስቸገራቸው አሉ። ክር ይዘህ ና ብለውኛል።»

«የእኔን ውሰዳ!»

እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ማተብ ትገምድ ነበር። ከኦዊኖ ገበያ ያመጣችውን ሰማያዊ የጥጥ ክር ሙሉ ጥቅል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አንገቴ ላይ ያለው ማተብም ከዚያው ክር የተገመደ ነው። አንገቴ ላይ አለ ብላ የምታስበው ማለቴ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን ማተቤ ያለው ኪሴ ውስጥ ነበር። ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የሚቀመጥ ልጅ ክሩን ስቦ «ማን አስሮህ ነው? ፍየል ነህ?» ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መላው ክፍል «ምቡዚ! ምቡዚ!» ይለኝ ጀመር። ምቡዚ ፍየል ማለት ነው። ስለዚህ ፈታሁት፤ እናቴ እንዳታይም ሸሚዜን እስከ ጉሮሮዬ ቆለፍኩ። በዚያ ሙቀት። «ልጄ ሥርዓት ይዟል» ትል ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እናቴ ደግሞ ያን ሳምንት በወይዘሮ ገንዘቤ ምግብ ቤት በሰው ቦታ ተተክታ ታበስል ነበር። እኔን የሚይዝ ጠፋ። «ልጅ ወደ ደኑ አይግባ ተብሏል» አለ አባቴ። «የጥበቃው ቤት አጠገብ ትቀመጣለህ። ደኑ ውስጥ አትገባም፣ ምንም አትነካም። ሰማህ?» ሰምቼ ነበር። የመስማት ችግር ኖሮብኝ አያውቅም።

ደን ሲባል የጠበቅኩት እንደ ወታደር የተሰለፈ ዛፍ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው። መሬቱ እንደ ረጠበ ዳቦ እግር ይውጣል። ከላይ የሆነ ወፍ ክንፉን ሲያራግብ የአሮጌ ታክሲ ሞተር ይመስላል። ሐረግ ከሐረግ ተቋጥሯል። በመካከሉ፣ አሥር ሰው ከቦ ምሳ የሚበላበት የሚያህል የዛፍ ጉቶ አለ፤ ሻጋታ ለብሶ። አባቴ በመጀመሪያው ቀን «ከእኔ አጠገብ ሳትርቅ» ብሎ አስገባኝ። ሕጉን መጀመሪያ የጣሰው እሱ ነው ማለት ነው። ይህን እናቴ ስታወራ ትዘለዋለች።

እዚያ ውስጥ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። አወራ። ጉቶውን በመዳፉ እየመታ አወራ።

«ይሄ ከተቆረጠ ሃያ ዓመቱ ነው። ያኔ ሁሉን አልጨፈጨፉም፤ ትልልቁን ማሆጋኒ እየመረጡ ነው የወሰዱት። ትልቅ ዛፍ ግን ብቻውን አይወድቅም። አሥር ትንንሾችን ይዞ ይወድቃል። ከዚያ በላዩ ሰማይ ይከፈታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብርሃን ያየ ሁሉ ይመጣል። መጀመሪያ አረምና ሐረግ። ቀጥሎ እነዚያ ቀጫጭኖቹ፣ ሙሲዚ የሚሏቸው። ቶሎ ነው የሚያድጉት። እነሱ ጥላ ሲጥሉ ከሥራቸው ማሆጋኒው ቀስ እያለ ይነሳል። ያም ዘር የሚጥል እናት ዛፍ በአቅራቢያው ከተረፈለት ነው። ካልተረፈለት ሐረጉ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖት ይቀራል። እኛ የምንቆጥረው ማን እንደ ተነሳ ለማወቅ ነው።»

ዛሬ እያንዳንዱ ቃል ይገባኛል። ያኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «እየመረጡ ወሰዱ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሶሬሳ ጫፉ ቀይ የተቀባ አንድ ሜትር ዱላ ይዞ ከችግኙ አጠገብ ያቆማል። ችግኙ ዱላውን ካለፈ አባቴ «ማሆጋኒ» ወይም «ሙሲዚ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ክር ያስሩለታል። ካላለፈ ረግጠውት እንዳይሄዱ ተጠንቅቀው ያልፉታል። እኔ ጉልበቴ ድረስ በደረሰች አንዲት ችግኝ አጠገብ ቆሜ «ይቺስ?» አልኩ።

«ከዱላው ያነሰ አይቆጠርም» አለ አባቴ ቀና ሳይል።

ከክፍሌ ልጆች ሁሉ አጭሩ እኔ ነበርኩ። በሰልፍ ፊት የምቆመው እኔ፣ በኳስ ጨዋታ ሳልመረጥ የምቀረው እኔ። ነገሩን በራሴ ላይ እንደ ተባለ አድርጌ ወሰድኩት። ምክንያቱ በጣም ቀላል መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፦ ከአንድ ሜትር በታች ያሉት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞሉ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ለብቻ፣ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ሰው ይቆጠራሉ። ማንም አልናቃቸውም።

አባቴ ትንሽ ራቅ ሲል ሶሬሳን ጠየቅኩት።

«ጋሽ ሶሬሳ፣ ለምንድን ነው ማተብ የምታስሩላቸው?»

ሶሬሳ ወደ አባቴ ጀርባ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ቀልድ ሲመጣበት ጢሙን ይነካል፤ ያኔም ነካ። ይህን ምልክት ባውቀው ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

«እያጠመቅናቸው ነዋ! ክርስቲያን እያደረግናቸው።»

«ያልታሰረላቸውስ?»

«እነሱማ...» አውራ ጣቱን በጉሮሮው ላይ አሳለፈ። «ለመጋዝ ናቸው። ሐሙስ ዶክተሯ ትመጣለች። ያልታሰረ ካገኘች አለቀለት።»

«ጋሽ ሶሬሳ፣ አንተስ ማተብህ የታለ?»

«እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የለኝም።»

«እህ» አልኩ። በጣም አዘንኩለት።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ቆጠራው አለቀ። አባቴ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ደመረና «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ደመረ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አለ ደግሞ፣ ፈገግ ብሎ። ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በባቄላ በላን፤ ከዚያ ሁለቱ ለመታጠብ ወደ ወንዝ ወረዱ። «ከዚህ እንዳትነቃነቅ» አለኝ አባቴ።

የተረፈውን ክርና የመጠጥ ውኃ የያዘችውን ትንሿን ጀሪካን ይዤ ደኑ ውስጥ ገባሁ።

ሥራዬን በደንብ ነው የሠራሁት ማለት እችላለሁ። ከዱላው በታች ያየሁትን አረንጓዴ ነገር ሁሉ ውኃ ረጨሁ፣ ክር አሰርኩ፣ የክርስትና ስም ሰጠሁ። ገብረ ሚካኤል፣ ወልደ ገብርኤል፣ ኃይለ ማርያም... አሥራ ስምንት ላይ ስም አለቀብኝ። ወደ ሰፈራችን ሰዎች ዞርኩ። አንዱን በፀጉር አስተካካዩ ስም ከፍያለው አልኩት፤ ቅጠሉ ጎፈሬ ስለነበረ። አንዷን ገንዘቤ አልኳት። ሳምቡሳ በምትሸጥልን በሙህሲና ስምም ልጠራ ነበር፤ ሙስሊም ስለሆነች ቅር ይላታል ብዬ ተውኩት። ፈርን የሚሉትን ቅጠሉ ላባ የመሰለ ተክል አጥምቄአለሁ። ሐረግ አጥምቄአለሁ። መንገዱ ዳር ሶሬሳ የተከላት ኮፍያ መስቀያ እንጨትም አለች፤ ለእሷም ውኃ ረጭቼ ክር አሰርኩላት። እንጨት መሆኗን አውቃለሁ። ያን ያደረግኩት ለሶሬሳ ነፍስ ብዬ ነው።

አርባ ሰባት ላይ ክሩ አለቀ። ከጉቶው ሥር አንዲት ባለ ሦስት ቅጠል ችግኝ ግን ቀረች፤ ከሁሉ ታንሳለች። ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ እጄን ኪሴ ከተትኩና የራሴን ማተብ አውጥቼ አሰርኩላት። ዛፍን ፍየል የሚለው የለም ብዬ ነው። ስሟን ዮፍታሔ አልኳት። አርባ ስምንተኛዋ እሷ ናት።

ማታ፣ በምናድርበት የጥበቃው ቤት፣ ሻይ አልተፈላም፤ ውኃ የለም። አባቴ ጀሪካኗ የፈሰሰች መሰለው።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ናሙቢሩ በቦዳ ሞተር ብስክሌት መጡ። ረጅም ቡትስ ተጫምተዋል፤ በእጃቸው ሲጫኑት ቀጭ የሚል ትንሽ የመቁጠሪያ መሣሪያ ይዘዋል። እኔ አባቴ እንዳዘዘኝ የጥበቃው ቤት መቀመጥ ሲገባኝ ከጉቶው ኋላ ተደብቄ ነበር። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። እያንዳንዷ ቀጭ የአንድ ዛፍ መትረፍ ነበረች። እንዲህ ያለ ኩራት ከዚያ በኋላ ተሰምቶኝ አያውቅም። ብየዳ በምሠራበት በካትዌ ሰፈር የመጀመሪያውን የመስኮት ብረት ለብቻዬ በይጄ ያቆምኩ ቀን እንኳ ያን ያህል አልኮራሁም።

ሴትየዋ መጋዝ ይዘው የመጡ ይመስለኝ ነበር። ያን የደኑን ክፍል ደግመው ሊቆርጡ የጠየቁ ሰዎች እንደ ነበሩ፣ «የተነሳው ሳይቆጠር አይነካም» ብለው ሲጽፉና ሲከራከሩ የኖሩት እኚሁ ሴትዮ መሆናቸውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

«ሚስተር ሀብቴ» አሉ በእንግሊዝኛ፣ መሣሪያውን እያዩ። «ደብተርዎ ስንት ይላል?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ዶክተር።»

«እኔ ሁለት መቶ ስድሳ አገኘሁ።»

አባቴ ዝም አለ። የፖርት ቤል ዝምታው ነበር፤ ከጉቶው ኋላ ሆኜ ለየሁት። ዶክተሯ ጎንበስ ብለው አንዱን አሳዩት። «ይሄ ፈርን ነው።» ሌላ አሳዩት። «ይሄ ሐረግ ነው። ከአንድ ሜትር በታች አይቆጠርም ተባብለን ነበር፤ ይሄ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው ያለው።» ከዚያ የሶሬሳ ኮፍያ የተሰቀለባት እንጨት ዘንድ ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?»

ሶሬሳ ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው። «የእኔ ናት፣ ማዳም» አለ። «ኮፍያው ማለቴ ነው።»

አባቴ እንጨቷ ላይ ያለውን ቋጠሮ በሁለት ጣቱ ያዘ። እናቴ ማተብ ስትጨርስ የምትቋጥረው ቋጠሮ ነው፤ እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቀና ሲል ዓይኑ በቀጥታ ወደ ጉቶው መጣ። አየኝ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ። «ተሳስቻለሁ።»

እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ልጄ ይህን ሲሰማ አባቱ በሐሰት ሲወቀስ ማየት አልቻለም» ትላለች። እንግዶቹ ወደ ጓዳው በር ያያሉ።

የተሰማኝ ግን ይህ ነው፦ አባቴ ሥራዬን ሰረቀኝ። እኔ ውኃ ተሸክሜ፣ እሾህ ወግቶኝ፣ ለአርባ ስምንቱ ስም አውጥቼ፣ እሱ ደርሶ «እኔ ነኝ» ይላል! የአንዱን ስም እንኳ አያውቅም! ተናድጄ ከጉቶው ኋላ ወጣሁ። መምህሮቼ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስናገር ሰምተውኝ የማያውቁት ልጅ በእንግሊዝኛ ጮህኩ።

«እሱ አይደለም! እኔ ነኝ! ሁሉንም ያጠመቅኩት እኔ ነኝ!»

ሦስቱም ዞሩብኝ።

«ያጠመቅከው?» አሉ ዶክተሯ።

ሶሬሳ ኮፍያውን ከእንጨቷ አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማዳም። ትናንት ወዲያ ቀልጄበት ነው።» በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጥምቀቱን፣ መጋዙን፣ አውራ ጣቱን በጉሮሮው ማሳለፉን። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «አንተ ልጅ፣ ቀልድ አይገባህም እንዴ?» አለኝ። እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ዶክተር ናሙቢሩ አልሳቁም። ጉቶው ላይ ተቀመጡ። «ልጅ እንዳይገባ ብዬ አልነበረም?»

«ብለዋል» አለ አባቴ። «ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ» አሉኝ። «ያሰርካቸውን ለይተህ ታውቃለህ?»

«በስማቸው።»

«እንግዲያው በስማቸው እየጠራህ ፍታ። አንድ ሳይቀር። እኔ እንደ ገና እቆጥራለሁ።»

ግማሽ ቀን ፈጀ። «ገብረ ሚካኤል» እያልኩ ፈታሁ፤ ዶክተሯ ከኋላዬ ይከተላሉ። ስሞቹን መድገም ይሞክሩ ነበር። «ከፍያለው» የሚለው ምላሳቸው ላይ አልሄድ ብሎ ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሶሬሳ እንጨቷ ጋ ስንደርስ «የእኔን ተዋት፣ ትዳን» አለ። አባቴ አልሳቀም። ደብተሩን ደረቱ ላይ ይዞ እጆቼን ብቻ ያይ ነበር።

አርባ ሰባት ፈታሁ። አርባ ስምንተኛዋ ጉቶው ሥር፣ የወደቀ ቅጠል ለብሳ ነበር። ሰማያዊው ክር በመጠኑ ይታያል። እሷን ብፈታት እጄ ላይ የሚቀረው ተራ ክር አይደለም፤ የተገመደ ማተብ ነው፤ አባቴ ያያል፤ ለእናቴ ይነግራል። ቆምኩ። ለእውነት የቆመው ልጅ እዚያ ላይ ነው የቆመው።

«ጨረስኩ» አልኩ።

ቀጭ። ቀጭ። ዶክተሯ ከዳር እስከ ዳር ቆጠሩ። ዓይናቸውን ቅጠልም አልጋረደውም።

«ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።»

አባቴ ደብተሩን ከፈተ። «አንድ? ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ደግመን...»

«ሚስተር ሀብቴ፣ ከሁለት መቶ ውስጥ አንድ የሰው ስህተት ነው። ሰኞ ይጀምሩ። ልጁን ግን ቤት ያስቀምጡት።»

ወደ ካምፓላ ስንመለስ አባቴ ታክሲው ውስጥ ደስ ያለው ሰው አይመስልም ነበር። ደብተሩን ገጽ በገጽ ይገልጣል። «በአንድ ተሳስቼ አላውቅም» ይላል ለራሱ። «አሥራ አንድ ዓመት። በአንድ?» ሶሬሳ ከኋላ ወንበር «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት!» ብሎ ጠራው። ስሙ ሆኖ ቀረ። ካንሳንጋ ውስጥ አባቴን አሁንም በዚህ ቁጥር የሚጠሩት አሉ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ያን ቀን ለምን እንደ ዋሸልኝ አባቴን ጠይቄው ነበር። ችግኝ ሲለካ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሰበ። «አንተ ሰው ፊት መናገር አትችልም ነበር» አለ። «እንዴት ብለህ ታስረዳለህ ብዬ ነው።» ያን ቀን የጮህኩበትን እውነተኛ ምክንያት ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ ሻይ ይዛ ገባች።

ከአባቴ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ችግኞች ዛሬ የቆሙት ከግማሽ ጥቂት ይበልጣሉ፤ እሱ ለአንድ ደን ጥሩ ነው ይላል። ከአርባ ሰባቱ ስንት እንደ ቀሩ ግን የሚያውቅ የለም። ክራቸውን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ነሐሴ በኋላ፣ ዓመቱ ተለውጦ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አባቴ ከደኑ ሲመለስ እናቴ ቤት አልነበረችም። ቡትሱን በር ላይ አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ ከኪሱ የተገመደ ሰማያዊ ማተብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጭቃ ይዞ ነበር።

«ግንዷ እየወፈረ ነው» አለ። «ትንሽ ቢቆይ ሊያንቃት ነበር።»

ወደ እኔ ቀረበ። የሸሚዜን የላይኛ ቁልፍ ፈትቶ ማተቡን አሰረልኝ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ፍየል አሉኝ።